ጠበል የተጨመረበት ብልቃጥ

ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የዳነን ሰው የሐኪሙን ስም ብትጠይቁት እስከ አያት ይነግራችኋል። ተቆርጦ የወጣው ሥጋ ወዴት ሄደ፣ ማንስ አየው ብትሉት ግን ትከሻውን ይሰብቃል። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከትከሻ ሰባቂዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ያኔ ከታላቅ እህቴ ከአስቴር ጡት እብጠት በቀዶ ሕክምና ወጣ። ሐኪሙ ሥጋውን እንዳይበላሽ ፎርማሊን የሚባል መድኃኒት ባለበት ብልቃጥ ከትቶ «ካዛንቺስ ፓቶሎጂ ክፍል አድርሱት፤ ካንሰር ይሁን አይሁን የሚነግሩን እነሱ ናቸው» አለን። እኛ ዘንድ ናሙና አመላላሹ ቤተሰብ ነው። እኔና እናቴ የአስቴርን ዕጣ በጥቁር ፌስታል ይዘን ከሰንጋ ተራ ታክሲ ተሳፈርን። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ባለ ቁጥር ብልቃጡን እንደ ጨቅላ አቅፈዋለሁ።

ኡራኤል ስንደርስ እማዬ ሳትሳለም ማለፍ አልሆነላትም፤ ወረድን። ተሳልማ ስታበቃ ከቦርሳዋ የጠበል ሃይላንዷን አውጥታ «ክፈተው» አለችኝ። ልክ አልመሰለኝም፤ ግን የልጅ ነገር የሆነባትን እናት ማን ደፍሮ ይከለክላል? ብልቃጡን እስከ አፉ ሞላችው። የፎርማሊኑ ሽታ ሁለታችንንም አስለቀሰን። አሜን አልኩ።

ፓቶሎጂ ክፍል ስንደርስ እማዬ ደጅ አግዳሚው ላይ ቀረች። የክፍሉ ሐኪም ዶክተር ሂሩት ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው።

«ምን ጨመራችሁበት?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ግን ነገሩ የአስቴር ነው፤ ተናዘዝኩ።

«መቼ?»

«አሁን፤ ግማሽ ሰዓት አይሆነውም።»

«እንግዲያው ደርሰንበታል» አለች፣ የቀጠነውን ደፍታ አዲስ ፎርማሊን እየሞላች። «ፎርማሊን ከቀጠነ ሥጋው ይበላሻል። ጠበሉን እህትዎ ይጠጡት፤ ይሄኛውን ለእኛ ይተዉልን።»

በቀጠሮው ቀን ብሄድ ውጤቱ አልደረሰም። «ከሥጋው አንድ ጥግ ላይ ያላመንኩበት ነገር አለ። እንደገና ቆርጬ፣ ሌላ ሐኪምም አይቶልኝ ነው የምፈርመው» አለችኝ። በልቤ ረገምኳት፤ አልዋሻችሁም። እርግማኔ ሲበርድ ግን ገረመኝ። ሥጋውን በሰም ይዘው ከወረቀት አሳስተው ይቆርጡታል፤ ቀለም ያስነኩታል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። አስቴርን አይተዋት አያውቁም። ላላወቁት ሰው ዕድሜ እንዲህ መጨነቅ! የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚያ ክፍል ግን የፈሰሰ አይለቀምም።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ሰጠችኝ። ካንሰር አይደለም። እዚያው ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

እማዬ ቤቱን በእልልታ አናወጠችው። «አላልኩህም? ጠበሉ ነው!» ጠበሉማ ተደፍቷል፤ ግን በደስታዋ ላይ ውሃ አልቸለስኩም። በማግስቱ ለኡራኤል ጧፍ ስትገዛ ብቻ፣ «ለዶክተሯም አንድ ጨምሪላት» አልኳት።

«ጠበሌን ለደፋችው?»

ለካ ደጅ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል!

«ለእሷማ» አለች ጧፎቹን እየቆጠረች፣ «ከዚያን ቀን ጀምሮ እያበራሁላት ነው። ዓይኗን ይጠብቅልን ብዬ።»