ከጂዳ የመጣ የጓደኝነት ጥያቄ

ሰው ፌስቡክ ላይ ምን ይፈልጋል? እኔ እንጃ። መንገድ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፈኝ ወላጅ፣ ስልኩን ሲከፍት ለምን ጓደኛዬ መሆን ያምረዋል? ወሎ ውስጥ መካነ ሰላም ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ነገር ብዙ ተመራምሬበታለሁ።

መጀመሪያማ የማልቀበለው ወላጅ አልነበረም። ኋላ ሚዜ ሆኜ ሱፍ ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶ ለጠፍኩ። ከሥሩ የአንድ ተማሪዬ አባት፣ «መምህር፣ ሱፉ አምሮብዎታል፤ የኔ ልጅ ሒሳብ ስንት አመጣ?» ብለው ጻፉ። እኔ ሞኙ እዚያው መለስኩላቸው። ወላሂ፣ ከሙሽሮቹ ይልቅ የልጁን ውድቀት ብዙ ሰው ላይክ አደረገው! ልጁም ዓይኔን ማየት አቆመ። ከዚያ ወዲያ ወላጆችን በሙሉ ከጓደኝነት ሰርዤ አዋጅ አወጣሁ፤ ጉዳይ ያለው ትምህርት ቤት ይምጣ።

ታዲያ በቀደም የሐያት እናት ወይዘሮ ዘይነባ የጓደኝነት ጥያቄ ላኩልኝ። ሐያት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ ሰሞኑን ግን ወንበሯ ባዶ ነው። አዋጄን ቃል በቃል ላክሁላቸው፤ «ጉዳይ ካለዎት ትምህርት ቤት ይምጡ።» መልሳቸው አልዘገየም፤ «እሺ መምህር፣ ኮንትራቴ ሲያልቅ እመጣለሁ። ያለሁት ጂዳ ነው። ለአሁኑ፣ ልጄ እየተማረች ነው ወይ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

አፈርኩ። ግን ልንገር? እናትየው ለመሆናቸውስ ምን ማስረጃ አለኝ? በፎቷቸው ቦታ ያለው ጽጌረዳ ነው! ጽጌረዳ መለጠፍ ልጆችን ዓረብ አገር የሚልክ ደላላም አያቅተው። ስለዚህ ሐያትን የሚያሳድጓት አጎቷ ስልካቸውን ይዘው ቢሮ እንዲመጡ አስጠራሁ። በእሳቸው ስልክ በኢሞ በቪዲዮ ደወልን፤ ወይዘሮ ዘይነባ ጠረጴዛዬ ላይ ብቅ አሉ። ይኸው፣ ትምህርት ቤት መጡ አይደል?

ያ ጀማዓ፣ የወሎ ሰላምታ ባሕር ተሻግሮም አያጥርም! ስለ ጤናዬ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀው ሲያበቁ ወደ ልጃቸው መጡ። አጎትየው «ክፍል ናት» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው፤ ሰሞኑን አልመጣችም አልኩ። አጎትየው አቀርቅረው እውነቱን አወጡ። ለካ ለዓረብ አገር ፓስፖርት ሊያወጡላት ደሴ ያመላልሷት ኖሯል።

ወይዘሮ ዘይነባ፣ «እኔ የሰው ቤት የምጠርገው እሷ እንዳትጠርግ ነው» አሉና አለቀሱ። አጎትየው በአላህ ስም ምለው ነገሩን ተዉት።

በማግስቱ ሐያት ወንበሯ ላይ ነበረች። ደስታዬ ወሰን ቢያጣ፣ ለእንዲህ ዓይነቷ እናትማ አዋጅ ይሻራል ብዬ ጥያቄያቸውን ልቀበል ፌስቡክ ከፈትኩ። የለም፤ አንስተውታል። ምን ቢያስቡ ነው? ጉጉቱ አላስቀምጥ ቢለኝ እኔው ራሴ የጓደኝነት ጥያቄ ላክሁላቸው።

ወዲያው መለሱልኝ። አብሽር ብለው፣ ዱዓ አድርገው፣ ልጆቼን ሳይወለዱ መርቀው ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፤ «የልጄ አስተማሪ ጓደኛዬ ከሆነ ልጄን ማን ይቆጣታል? ይልቅ ጉዳይ ካለዎት ጂዳ ይምጡ።»