ሰዓቷን ካላሻሻለች

ባዕድ ቃል አያስቸግረኝም። ኔትወርክ ሲሉኝ የማላውቀው ነገር መሆኑ ከመልኩ ያስታውቃል፤ «ምንድን ነው እሱ?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ አለቀ። እኔን የሚያቃጥለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል ነው። «ካርድ ይሙሉልኝ» ትለኛለች የልጅ ልጄ፤ እኔ መሙላት የማውቀው እንስራ ነው። «መስመሩ ተይዟል» ይላል ስልኩ፤ ማን ያዘው? ለምንስ አይለቀውም? ቃሉ የእኔ፣ ነገሩ የሌላ። ቤቴ ገብቶ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ «ማንን ፈልገው ነው?» ብሎ እንደሚጠይቀኝ እንግዳ ማለት ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አማርኛ ግን አላነሰኝም፣ ቢያንሰኝም በአውንግኛ እሞላዋለሁ። እና እናንተ የተማራችሁት ፍረዱኝ፦ አሁን የማወራችሁ ጥፋት የማን ነው?

ይታይሽ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ጫግኒ ትነግዳለች፤ ልጅቷ እኔ ዘንድ እንጅባራ አደገች፣ ለእኔ እንኳ ከተማው አሁንም በድሮ ስሙ ቆሰበር ነው። ቤቴ ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚያወራኝ የለም፤ ሬዲዮኑም ከተበላሸ ቆይቷል። ትሮጣለች። የሚያባርራት ሳይኖር ትሮጣለች። ጉሙ ከመሬት ሳይነሳ ትወጣለች፣ ጭቃ ለብሳ ትመለሳለች፣ እኔ አጥባለሁ፤ ሁለታችንም ልምምድ ላይ ነን ማለት ነው። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባይ ማዶ ያለው የሯጮች ማሰልጠኛ መግባት። ለዚያ የሚመርጠው ደግሞ አሰልጣኟ ነው።

አንድ ቀን በሶ በጥብጬ ሜዳ ድረስ ወሰድኩላት። አሰልጣኙ ጨዋ ሰው ነው፤ ሲያናግረኝ ኮፍያውን ያወልቃል።

«እንዴት ናት ልጄ?» አልኩት።

«ጉልበት አላት እማማ፣ ልብም አላት። ችግሯ ሰዓቷ ነው። እስከ ምርጫው ቀን ሰዓቷን ካላሻሻለች ልመርጣት አልችልም።»

የይታይሽን እጅ አየሁ። እውነቱን ነው! እናቷ ከገበያ የላከችላት ሮዝ ሰዓት፣ ማሰሪያው ተበጥሶ በክር የተቋጠረ፣ መስታወቱ ውስጥ ዝናብ ገብቶ እዚያው የቀረ። አፈርኩ። ይህን ያህል ዓመት አሳድጌ፣ በሰዓት ምክንያት ልትቀር?

«የማን ጥሩ ነው?»

«የዚያች የዳንግላዋ ልጅ ሰዓት ግሩም ነው።»

የዳንግላዋንም እጅ አየሁ፤ ጥቁር፣ ወፍራም ሰዓት አስራለች። «ከየት አገኘችው?»

«ከዳገት ነዋ፣ እማማ! ክረምቱን ሙሉ ዳገት ስትወጣ ከርማ ያመጣችው ነው።»

ዳገት ላይ ወድቆ አግኝታው ነዋ! ዘንገና ሐይቅን ሊያይ የመጣ ፈረንጅ ጥሎት ይሆናል አልኩ በልቤ። የእኔዋ ያ ዕድል ከሌላት እኔ እገዛላታለሁ። ከዚህ ንግግር ሌላ ነገር በየት በኩል ልሰማ እችል ነበር? ንገሩኛ።

ለዘር ያስቀመጥኩትን ድንች ሸጬ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ። ሰዓት ሻጩ ምላሱ ዘይት ነው። መጀመሪያ ወርቅማውን አወጣ። «ላብ ይችላል?» ስለው «ይሄ የሰርግ ነው እማማ» አለኝ። ሰርግ ማን አነሳ! ሌላ አወጣ።

«ይሄ መቶ ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባል።»

«ልጄ የምትሮጠው በምድር ነው።»

«የት እንዳለችም ይነግራታል።»

«የት እንዳለችማ እኔም እነግራታለሁ።»

«የልቧን ምት ይቆጥራል!»

«ልቧን ተውልኝና ማሰሪያውን አሳየኝ።»

ሰዓት የሚገዛ ሰው ሁሉ ፊቱን ያያል፤ እኔ ማሰሪያውን ነው የማየው። ቆዳው በእኛ ዝናብ ይሻግታል። ብረቱ በቆሰበር ጠዋት እጅ ላይ የታሰረ በረዶ ነው። ላስቲኩን መረጥኩ፤ ቀዳዳው እስከ ቀጭን እጅ ድረስ የተበሳ፣ ቁልፉ በብርድ በደነዘዘ ጣት የሚጫን፣ ቁጥሩ እየሮጡ የሚታይ። ባላነበውም ትልቅ መሆኑ አይጠፋኝም። ከዚያ «ባልዲ አምጣ» አልኩት።

«ለምን፣ እማማ?»

«መቶ ሜትር ይገባል አላልክም? እኔ አንድ ባልዲ ብቻ ነው የምለምንህ።»

ገበያውን ዞሬ እስክመለስ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ቆየኝ። ስመለስ ሰዓቱ ይሠራል፤ የተበላሸው የሻጩ ፊት ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ድንጋይ ላይ ልጣለው ስለው «ይውሰዱት፣ በመድኃኔዓለም!» ብሎ ዋጋ ቀንሶ ሸኘኝ።

ቤቴ እንኳ ሳልገባ በባጃጅ ሜዳው ደረስኩ። ሰዓቱን ከመቀነቴ ፈትቼ ለአሰልጣኙ ዘረጋሁለት። «ይኸው! ሰዓቷ ተሻሻለ። እንግዲህ ትመረጥ!»

የዳንግላዋ ልጅ ሣሩ ላይ ወደቀች፣ በሳቅ። አሰልጣኙ ፊቱን አዙሮ ያልያዘውን ሳል ሳለ። ይታይሽ ሹራቧን ጎትታ ራሷን ቀበረች።

«እማማ፣» አለ አሰልጣኙ በስንት መከራ፣ «ሰዓቷ ስል ሮጣ የምትጨርስበትን ጊዜ ነው። የእጇን አይደለም።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ቀርፋፋ ናት አትለኝም ነበር?»

«እንዴት እንዲያ እላለሁ? ነውር ነው እኮ፣ እማማ።»

አያችሁ? የዘር ድንቼን የበላው ጨዋነት ነው! ዛሬ ዛሬ ነገርን በስሙ የሚጠራ ጠፋ። ቢሮ ስሄድ «ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል፤ ጉዳዬም እኔም ግን የተቀመጥንበት ነን። «አይሆንም» ቢሉኝ እኮ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ይህ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝና፣ ሜዳ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ይታይሽ ቀርፋፋ ናት በለኛ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሹራቡ ውስጥ የተቀበረው ራስ ቀና አለ።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው፣ በሶዋን እየጠጣች፣ «እምዬ፣ እውነት ቀርፋፋ ነኝ?» አለችኝ።

«እኔ በምን አውቄ? የሚያውቀው ሰውዬ ነውር ነው ይላል።»

«እኔስ አውቅ ነበር፤» አለች። «‹ሰዓቴ ትንሽ ይቀረዋል› እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ እንጂ።»

ከዚያ ወዲያ እኔ የገዛሁላትን ሰዓት አስራ ዳገቱን ተያያዘችው። ትወጣለች፣ ሰዓቱን ታያለች፣ ትወርዳለች፣ እንደገና ትወጣለች። አንድ ጠዋት ድንጋይ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ መጣች፤ ሰዓቱ ጭረት እንኳ የለበትም። ሻጩን ያን ቀን መረቅኩት።

የምርጫው ቀን ካፊያ ነበር። ሜዳውን እየዞሩ ሲሮጡ ማን እንደቀደመ ማወቅ አልቻልኩም፤ ከፊት ያለችው ከኋላ ያለችውን የምታባርር ትመስላለች። ሲያልቅ ይታይሽ ሣሩ ላይ ተዘረረች። አሰልጣኙ ኮፍያውን አውልቆ ወደ እኔ መጣ።

«እማማ፣ የይታይሽ ሰዓት...»

«ተው!» አልኩት። «ግልጡን ንገረኝ።»

ሳቀ። «ፈጠነች። ከዳንግላዋ ልጅ ቀጥላ ገባች። ተመርጣለች።»

እልልታዬን አቀለጥኩት። ከዚያ ትንፋሼን ሰብሰብ አድርጌ «መቼ ነው የምትሄደው?» አልኩት።

«ሰኞ።»

«እስከ መቼ?»

«ሦስት ዓመት።»

ይችን እንኳ ትንሽ አድበስብሶ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?