ጠበቅ አድርገው

ጋሼ፦ የሚያፈሰው እዚህ ጋ ነው አልኩህ!

እጮኛ፦ ውሃው ግን እዚያ ጋ ነው ያለው ጋሼ።

ጋሼ፦ ውሃ አይሄድም ያለህ ማነው? ከዚህ ይነሳል፣ እዚያ ይደርሳል።

እጮኛ፦ ታዲያ መንገድ ላይ ለምን አላየነውም?

(ጋሼ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ከወገብ በላይ ሲንኩ ሥር ካለው ቁምሳጥን ውስጥ ገብተዋል። አጠገባቸው የሰሃን ማጠቢያው ማሽን እያጉረመረመ ይሠራል፤ ቆሻሻውን ውሃ የሚያስወጣው ቱቦ ደግሞ ወጥ ቤቱን ኩሬ አድርጎታል። ባለቤታቸው “ባለሙያ ልጥራ” ቢሏቸው “እኔ ምን ሆኜ!” ብለው ተቆጥተዋል። ባትሪ ይዞ የተንበረከከው ወጣት ሴት ልጃቸውን ለማግባት ደጅ የሚጠና ነው። ባለቤታቸው “የዋህ ልጅ” ይሉታል፤ ጋሼ “ጅል” ይሉታል። ዛሬ የመጣው ቁርጡን ሊሰማ ነበር፤ ገና ሳይቀመጥ ባትሪ አስያዙት።)

እጮኛ፦ ጋሼ፣ ማሽኑን ላጥፋው?

ጋሼ፦ እንዳትነካው! ካልሠራ የሚያፈስበት ቦታ በምን ይታወቃል? ሐኪም የልብ ምት የሚያዳምጠው ሰውየው በሕይወት እያለ ነው።

እጮኛ፦ እውነትዎን ነው። (ያስባል) ሆዱን ሲቀድዱት ግን መጀመሪያ ያስተኙታል መሰለኝ።

ጋሼ፦ ዝም ብለህ አብራ! ዓይኔ ላይ አይደለም፣ ቱቦው ላይ! እ... አገኘሁት። የማሰሪያው ብሎን ነው። ጥርሱ አልቋል።

እጮኛ፦ አይዞዎት ጋሼ፣ በዕድሜ የሚመጣ ነው።

ጋሼ፦ የብሎኑ ጥርስ!

እጮኛ፦ እሱም ቢሆን ብዙ አገልግሏል።

ጋሼ፦ (ለራሳቸው) ልጄ ምን ታይቷት ነው? (ጮክ ብለው) ፒንሳውን አቀብለኝ። አንተ ቱቦውን በዚያ በኩል ጠበቅ አድርገው።

(እጮኛው ቱቦውን አፍጥጦ ያያል። ውሃው መንጠባጠቡን ቀጥሏል።)

ጋሼ፦ ጠበቅ አድርገው አላልኩህም?

እጮኛ፦ እየጠበቅኩት ነው ጋሼ። የትም አልሄደም።

ጋሼ፦ ኤዲያ! ተወው፣ ራሴ እይዘዋለሁ። ማሰሪያውን ፈትቼ እንደገና ማሰር ነው፤ ይሄም ሥራ ሆኖ!

እጮኛ፦ ማሽኑ እየሠራ ሊፈቱት?

ጋሼ፦ አንተ ነህ እኔን የምታስተምረኝ?

እጮኛ፦ ኧረ በጭራሽ።

(ጋሼ ማሰሪያውን ፈቱት። ማሽኑ ጉሮሮውን የጠረገ ያህል አጓራና በሆዱ የያዘውን ቅባታም ውሃ ለቀቀው። ቱቦው ከእጃቸው አምልጦ ተገላበጠ። እንደምንም ይዘው አፉን በሁለት እጃቸው አፈኑት፤ ውሃው ግን በጣቶቻቸው መሃል እየሾለከ ፊታቸውን ያጥባቸው ጀመር።)

ጋሼ፦ አጥፋው! አጥፋው!

እጮኛ፦ እንዳትነካው ብለውኝ ነበር እኮ።

ጋሼ፦ አሁን ንካው!

እጮኛ፦ ሐሳብዎን ቀየሩ ማለት ነው?

ጋሼ፦ ቀይሬያለሁ!

እጮኛ፦ (ጣቱን ወደ ማጥፊያው ቁልፍ አስጠግቶ) በልጅዎም ጉዳይ?

ጋሼ፦ ምን?!

እጮኛ፦ አይ፣ መቀየር ከጀመሩ አይቀር ብዬ ነው።

ጋሼ፦ አንተ... (ውሃ አፋቸው ገባ፤ ተፉ) አሁን ይሄ ጊዜው ነው?

እጮኛ፦ እንደሚመችዎት። እኔ አልቸኩልም።

ጋሼ፦ እሺ! አግባት!

እጮኛ፦ ሳሎን ያሉትም እንዲሰሙ ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት?

ጋሼ፦ (ጎረቤት እስኪሰማ) አግባት አልኩህ እኮ!

(ቁልፉ ቀጭ አለ፤ ማሽኑ ጸጥ። ከሳሎን የእናትና የልጅ ሳቅ ተሰማ። እጮኛው ጋሼን በብብታቸው ይዞ ቀስ አድርጎ አወጣቸው። ጋሼ ከቅንድባቸው ላይ የሩዝ ፍሬ እያነሱ፣ ገና ዛሬ ያዩት ይመስል ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት። ሊቆጡ ፈለጉ፤ ቁጣው ግን አልመጣላቸውም።)

ጋሼ፦ ለካ ሁሉም ነገር ይገባሃል!

እጮኛ፦ ምኑ ጋሼ?

ጋሼ፦ ተወው። በል እንግዲህ፣ ቤተሰብ ሆነሃል። መወልወያውን አምጣና ወለሉን አድርቅ።

እጮኛ፦ (ዓይኑን እያንከባለለ) መወልወያ... መወልወያ ምንድን ነው ጋሼ?

(ጋሼ ትንሽ አዩት። ከዚያ የራሰ እጅጌያቸውን ሰብስበው መወልወያውን ራሳቸው ሊያመጡ ሄዱ።)