ክቡር እንከን ዝም ያሉ ዕለት

በዓለም ላይ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወንበር ሲሰጡት የሚቀመጥና ወንበሩን ነቅነቅ አድርጎ የሚያይ። ሁለተኛውን አላውቀውም የሚል ካለ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ራሱ ነው። ሠርግ ቤት ገብቶ ሙሽሮቹን ትቶ ጣሪያው የት ጋ እንደሚያፈስ የሚመረምር እሱ ነው። የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ የአልጋው አንድ እግር አጭር መሆኑን ለበሽተኛው የሚያስረዳም እሱ ነው። የዚህ ወገን ሁሉ አለቃ ግን ክቡር እንከን ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ሲተያዩ ሌሎቹ ገና ተማሪ ናቸው።

እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው። መዝገብ ላይ በራሳቸው እጅ ጽፈውታል፤ በሆቴሉ ውስጥ ግን አንድም ቀን የጠራቸው የለም። ሥራቸው ሚዛን ማስተካከል ነው። በገበያ ቀን የእህል ነጋዴውም ሥጋ ሻጩም ሚዛኑን ተሸክሞ ይመጣላቸዋል፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አንዴ ይመለከቱትና "አርባ ግራም ይሰርቃል" ይላሉ። ነጋዴው ይቀላል፣ ገዢው ይስቃል፣ እሳቸው ግን አይስቁም። ዕድሜ ልኩን ጉድለት ሲፈልግ የኖረ ዓይን ደግሞ ሆቴል ሲገቡ ከኮት ጋር አብሮ የሚሰቀል ነገር አይደለም።

ሆቴሉ ከገበያው ፊት ለፊት ያለው ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ቤት ነው። ያሠራው የአሁኗ አስተናጋጅ አያት፣ የእናቷ አባት ነው። አስተናጋጇ ከአራት ልጆች የመጨረሻዋ ስለሆነች አርባ ዓመት አልፏት፣ ፀጉሯ ሸብቶም ቢሆን፣ ከተማው ሁሉ "ትንሿ" ነው የሚላት። አያቷ ክፍሎቹን ሲቆጥር ከሁለት ጀመረ። አንድ ቁጥር ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ያለችው የባለቤቶቹ መኝታ ናት፤ ትንሿም የተወለደችው እዚያው ነው። ፎቁና ደረጃው እንጨት ነው። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ በዘጠኝ ቁጥር ላስነጠሰ ሰው "ይማርህ" የሚለው በአራት ቁጥር ያለው ነው።

ክቡር እንከን በየሁለት ሳምንቱ፣ በገበያ ዋዜማ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰባት ቁጥር አድረዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉም ዕቃቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ደረጃው መሐል ላይ ቆመው "መናገር ባልወድም" ብለው ይጀምራሉ። መናገር የማይወዱ ሰው ያን ያህል ከተናገሩ፣ ቢወዱ ኖሮ ምን ሊኮን ነበር? መስኮቱ አይዘጋም፤ ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ ቁም ሣጥኑ ሰው ሳይነካው ይከፈታል፤ ትራሱ ውስጥ ያለው ነገር ጥጥ መሆኑ ያጠራጥራል። አንድ ጊዜ ከሻንጣቸው ውኃ ልክ አውጥተው በር ላይ ያለው የሆቴሉ ሰሌዳ በሁለት ጣት ወደ ግራ እንደሚያዘነብል አረጋገጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተሰቡ ሰሌዳውን ቀና አድርጎ ማየት አቅቶታል። ክሱ ሁሉ የሚዘጋው "ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ለቤቱ ብዬ ነው" በሚል ቃል ነበር።

የትንሿ አባት ድምፃቸውን ገና ሲሰማ መዶሻ አንስቶ በጓሮ በር ይወጣል። መዶሻው ለምልክት ያህል ነው፤ ምስማር የመታበት ቀን የለም። ክሱን ቆማ የምትሰማው እናቷ ነበረች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ታዳምጥና "ሌላስ?" ትላለች። ሌላም አይጠፋም።

ከመንገዱ ማዶ አዲስ ሆቴል ሲከፈት፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ፣ ሙቅ ውኃው የማይቋረጥ፣ ትንሿ "እንግዲህ ከእኛ ተገላገሉ ጋሼ" አለቻቸው። ክቡር እንከን ቅር ተሰኙ።

"ገብቼ አይቼዋለሁ" አሉ። "ምንም የሚወራለት ነገር የለውም።"

በዚህ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል አባቷ ሞተ። ታሞ አልነበረም፤ ቁርሱን በልቶ፣ በር ላይ ቆሞ ሰማዩን ሲያይ ወደቀ። ቀብሩ ካለፈ፣ ለቅሶ ደራሹ ከተበተነ በኋላ እናቷ አንድ ቁጥር ገባችና ተኛች፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም። ሐኪም መጣ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ እግሯን ጨበጠ፤ "አካሏ ምንም የለበትም" ብሎ ሄደ። አራት ወር ሙሉ ከአፏ የሚወጣው "እሺ" እና "በቃኝ" እና "በሩን ዝጊው" ብቻ ሆነ። ቤቱም ሰዉም በሹክሹክታ መኖር ጀመረ። ልብስ አጣቢዋ ባልዲዋን ስታስቀምጥ እንኳ እንደ ተኛ ሕፃን አድርጋ ነበር።

በትልቅ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ይህን ሲሰማ ቆረጠ። በስልክ "ሆቴሉን እንዘጋዋለን" አላት። "እማዬ እኔ ጋ ትሆናለች። አንቺ ብቻሽን አትችይውም። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ገበያ ቀን መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ከተነሳች ጥሩ፣ ካልተነሳች ልብሷን አዘጋጂ።" ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ እናቱን ስለሚወድ ነው። ትንሿን ቤቱ መዘጋቱ ያማታል፤ ከዚያ የባሰው ግን እናቷ የማታውቀው ቤት ውስጥ ተኝታ የማታውቀውን ግድግዳ እያየች ስትሞት ታያት ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ከመኪና ሹፌር ጋር መልእክት ደረሰ፦ "ለመጀመሪያው ገበያ ዋዜማ ሰባት ቁጥር ይጠበቅልኝ።" ክረምቱን ሙሉ ያልታዩት ክቡር እንከን መምጣታቸው ነው።

ትንሿ ደነገጠች። ሰባት ቁጥር ልክ ከእናቷ መኝታ በላይ ነው። አንዲት ሴት ባሏን ቀብራ፣ ደርቃ ተኝታ፣ ደግሞ የቧንቧ ክስ ትስማ? ሰውየውን "አይናገሩ" ማለት ደግሞ ዶሮን አትጩህ ማለት ነው። ስለዚህ የሚናገሩበትን ነገር ከሥሩ ለማጥፋት ተነሳች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰማችው ሁሉ በቃሏ ነው፤ ጣቷን እያጠፈች ለአናጢው ዘረዘረችለት። አናጢው መስኮቱን ፈትቶ ገጠመ፣ የቁም ሣጥኑን በር አስተካከለ፤ ቧንቧውን የአናጢው ወንድም አደሰ። ትራሱ ተቀደደና በአዲስ ጥጥ ተሞላ። ሰሌዳው ሳይቀር በውኃ ልክ ቀና።

"የሚመጣው ሚኒስትር ነው እንዴ?" አለ አናጢው ላቡን እየጠረገ።

"ከሚኒስትርም ይብሳሉ" አለችው። "ሚኒስትር አንሶላ ገልጦ አያይም።"

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ክቡር እንከን ደረሱ። ከስተዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው "እግዜር ያጥናሽ፤ ሳልደርስ ቀረሁ" አሏት። "እንኳን ደህና መጡ ጋሼ" ብላ ቁልፉን ሰጠቻቸው። የተዘጋውን የአንድ ቁጥር በር አንዴ አየት አደረጉና ወጡ።

ትንሿ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ከታች አዳመጠች። መስኮቱ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እንደገና ተከፈተ፣ ተዘጋ። ቧንቧው ተለቀቀ፣ ተጠመዘዘ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አንዲት ጠብታ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ሆነ። የቁም ሣጥኑ በር ሦስት ጊዜ ተሞከረ። በመጨረሻ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ሲሉ ተሰማት። ደረጃው መሐል የቆመ ግን የለም።

ሲመሽ ለእራት ወረዱ። "ክፍሉ እንዴት ነው ጋሼ?" አለች።

"ጥሩ ነው።"

ትንሿ ደስ ሊላት ሲገባ ፈራች። ሾርባው ቀረበ፤ ከጭንቀቷ የተነሳ ማሞቁን ረስታው ቀዝቅዞ ነበር። ክቡር እንከን ቀዝቃዛውን ሾርባ ጠጥተው፣ አመስግነው ተነሱ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አልታየም።

በማግስቱ ጠዋት ለእናቷ ሻይና ዳቦ ይዛ ገባች። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ "ትናንት ደረጃውን የወጣው ሰውዬው ነው፣ አይደል?" አለች።

ትንሿ ሻዩን አስቀመጠች። "አዎ እማዬ፤ እሳቸው ናቸው።"

"ምን አለ?"

"ምንም።"

"እንዴት ምንም?"

"'ጥሩ ነው' ነው ያሉት።"

እናቷ ዞር ብላ ልጇን አየቻት። "ታሟል" አለች።

"ደህና ናቸው። አሁን ገበያ ሊወጡ እየተሰናዱ ነው።"

"እንግዲያው አዝኖልኛል።" አሮጊቷ ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች፤ ፊቷ ላይ ደም መጣ። "አራት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ በእግሩ ጣት እየሄደ ሲያንሾካሹክብኝ ችዬ ተኛሁ። ደግሞ ይሄ ሰውዬ ይዘንልኝ? ይሄኛው? ጫማዬን አቀብዪኝ።"

አሥራ ሰባቱን ደረጃ ሁለት ቦታ አርፋ ወጣችው። ትንሿ ክንዷን ልትይዝ ስትል እጇን መታቻት። ሰባት ቁጥርን አንኳኳችና መልስ ሳትጠብቅ ገባች። ክቡር እንከን ኮታቸውን እየቆለፉ ነበር፤ ሲያዩዋት አንድ ቁልፍ ዘለው ቆለፉ።

"ምን ጎደለ?" አለች።

"ምንም አልጎደለም፣ እትዬ።"

"መስኮቱስ?"

"ይዘጋል።"

"ቧንቧው?"

"ብዙ ጠበቅኩ። አይንጠባጠብም።"

"ቁም ሣጥኑ?"

"እሱም ተስተካክሏል።"

እናቷ ልጇን አየቻት፤ የቤት ምስጢር ለጎረቤት እንዳወራ ሰው ነበር ያየቻት። ከዚያ ወደ ሰውየው ተመለሰች። "ሁሉ ከሞላ ይህ ፊት ምንድን ነው ታዲያ? ተናገር። አንተ ተናግረህ ጨርሰህ አታውቅም።"

ክቡር እንከን መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት።

"መናገር ባልወድም" አሉ፤ ድምፃቸው ግን የዱሮው አልነበረም። "አንድ ነገር አለ። ትናንት ስገባ ልጅዎ ተቀበለችኝ፤ ጥሩ ልጅ ናት። 'እንኳን ደህና መጡ' አለችኝ። እኔ እዚህ ቤት እንኳን ደህና መጣህ ተብዬ አላውቅም፤ 'ደግሞ መጣህ?' ነው የምባለው። ሚስቴ ከሞተች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቴ ስገባ የሚናገረኝ የለም። ሰው የሚቆጣኝ እዚህ ብቻ ነው።" ኮፍያቸውን አነሱ። "የእርስዎ ባለቤት የሉም። ለእሱ ማንንም አልወቅስም፤ የሚደረግ ነገር የለም። እርስዎ ግን አሉ፤ እያሉ ጎደሉ።"

ከታች ከገበያው የበግ ጩኸትና የነጋዴ ድምፅ ይሰማል። እናቷ የተነጠፈው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን፣ አራት ወር ያመቀችውን ነው ያለቀሰችው፤ ድምፅ አውጥታ፣ ግድግዳው ቀጭን ነው ሳትል። ትንሿም በሩን ተደግፋ አብራት አለቀሰች። ያን ሁሉ ምስማር ያስመታችባቸውን ሰውዬ ያን ጊዜ ወደደቻቸው፤ ቀድሞም ስትወዳቸው እንደኖረች ገባት። ክቡር እንከን ኮፍያቸውን ሁለት እጃቸው ላይ ይዘው ቆሙ፤ መሄድም መቅረትም ያሳፈራቸው ይመስላሉ።

በመጨረሻ እናቷ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። ለመነሳት እጇን ትራሱ ላይ ስታሳርፍ ቆም አለችና ጫን ጫን አደረገችው።

"ይህን ትራስ ማን ነው እንዲህ የጠቀጠቀው?"

"እኔ ነኝ እማዬ። አዲስ ጥጥ ነው።"

"አንገት ይሰብራል።"

"ይሰብራል" አሉ ክቡር እንከን በፍጥነት። "ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም።"

"ትናንት ለምን አልተናገርክም? በአባቴም ጊዜ ቢሆን እዚህ ቤት አራት ወር የተኛ ሰው የለም፤ እኔ ተኛሁ፤ ደግሞ አንተ ዝም ትላለህ። ቤት የሚፈርሰው እንዲህ ነው። ሂድ፣ ገበያህ አለፈ።"

ደረጃውን ስትወርድ የልጇን ክንድ ያዘች። ፀጉሯን አሰረች፣ ፊቷን ታጠበች፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀመጠች። ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች ሲያዩዋት መጀመሪያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ "ምን ታንሾካሹካላችሁ፣ ቁልፍ ነው የምትፈልጉት?" ስትላቸው ግን እንደ ቀድሞው መጋፋት ጀመሩ። ከቀትር በፊት ክፍሉ ሁሉ ተያዘ።

ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ። ትንሿ አነሳችው፤ ታላቅ ወንድሟ ነው፣ መንገድ ላይ ሆኖ።

"ልብሷን አዘጋጀሽ?"

"አላዘጋጀሁም።"

"ምን ሆነሽ? ነግሬሽ የለ? እስቲ እሷን አገናኚኝ።"

"አሁን አይመችም" አለች ትንሿ። "ሥራ ላይ ናት።"

"ማን ነው እሱ?" አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከመዝገቡ ሳታነሳ።

"ታላቅ ወንድሜ ነው። ማታ ይደርሳል።"

እናቷ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያወረደች እስከ ገጹ ግርጌ አየች።

"ገበያ ነው፣ ክፍል የለም" አለች። "ነገ ይምጣ በዪው።"