በሽታ ሲያገኝ ደስ የሚለው ተመራማሪ

በሽታ ሲያገኝ ፊቱ የሚፈካ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ቡሬ አጠገብ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሳለሁ፣ የበርበሬ በሽታ የሚያጠና ተመራማሪ ይዤ ማሳ ለማሳ ዞርኩ። ጤነኛ በርበሬ ባየ ቁጥር ይከፋዋል። እመት ትርንጎ ማሳ ላይ ግን አምስት ስድስት እግር ጠውልጎ አገኘና «እሰይ!» አለ።

«ምን ተገኘ ጌታው?» አሉ እመት ትርንጎ፣ አብረው ደስ ብሏቸው።

«አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነዋ! እንዴት እንደሚዛመት ስለማጠና፣ እስክመለስ አንድም እግር እንዳይነቅሉ።»

የጎረቤታቸው የአቶ ፈንታ ማሳም ጀማምሮት ነበርና ለሁለቱም ትእዛዙን አጠበቅሁ። የመንግሥት ሰው አይደለሁ?

በወሩ ስንመለስ የእመት ትርንጎ በርበሬ ፍሬ ይዞ ቆሟል።

«በሽታውን ምን አደረጉት?» አለ ተመራማሪው በድንጋጤ።

«በማግስቱ ነቅዬ አቃጠልኩት።»

«ጥናቴን እኮ ነው ያቃጠሉት!»

«ምን ላድርግ ልጄ? ገበያ የማወጣው በርበሬውን እንጂ ጥናቱን አይደል።»

አቶ ፈንታ ግን አልነቀሉም። ማሳቸው ከዳር እስከ ዳር ደርቋል። ድንበሩ ላይ ኩርምት ብለው «እንዳላችሁኝ አልነካሁትም» አሉን። ተመራማሪው እጃቸውን ጨብጦ አመሰገናቸው፤ ፎቶም አነሳቸው።

በዚያ ዓመት ሞዴል ገበሬ ተብሎ ማን የተሸለመ ይመስላችኋል? አቶ ፈንታ። እመት ትርንጎ «ምርምር አደናቃፊ» ተብለው ተገመገሙ። ግምገማውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቤቴ በርበሬ ሲያልቅ ግን የሄድኩት እመት ትርንጎ ደጅ ነው። ሞዴሉማ ከየት አምጥተው?