ማን ይክፈተኝ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ እኔ ፋይል ሆኜ፣ ፋይሎቼ ደግሞ ሰው ሆነው አየሁ።

ሰፈሩ የራሳችን ሰፈር ነበር። ቤቶቹ ግን በሙሉ ቢጫ ፎልደር ሆነዋል። ጣሪያቸው እንደ ሣጥን ክዳን ብድግ ይልና ሰው ይከቱበታል፣ ሰው ያወጡበታል። ከሰማይ አንዲት ነጭ ቀስት ትወርድና ያገኘችውን ሰው ኮሌታውን ይዛ አንስታ ሌላ ቤት ትጥለዋለች። ሰዉም ለምዶታል። ጉልት ላይ ሽንኩርት ስትመርጥ የነበረች ሴት ወደ ላይ ስትሳብ "ኧረ ዘንቢሌን!" ከማለት በቀር ምንም አላለችም። ዘንቢሉንም ቀስቲቱ በኋላ ለብቻው መጥታ ወሰደችው።

ፍላሽ የሚባል ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ከውስጡ የወረዱት ተሳፋሪዎች ሁሉ ጉንጫቸው ላይ ትንሽ ቀስት ተለጥፎባቸዋል። ከመካከላቸው የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ታፈሰን አየሁት፤ ሰው ካቀፍኩ ቆይቻለሁና ሮጬ አቀፍኩት። እጄ አየር ጨብጦ ተመለሰ።

"ታፈሰ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"እኔ አይደለሁም" አለኝ በትሕትና። "ወደ ታፈሰ የማደርስ አቋራጭ ነኝ። ታፈሰ ራሱ ከቦታው ተነስቷል።"

"የት ሄደ?"

"እሱን አልነገሩኝም።"

ፍላሽ ላይ የሚገባው ቫይረስ ሥራ ነው፤ ስሙን ይተውልህና ሰውዬውን ይዞት ይሄዳል። በእውኑም ስንት ጊዜ አማርሮኛል። ለታፈሰ አቋራጭ "ደኅና ዋል" ብዬው ልሄድ ስል ቀስቲቱ ኮሌታዬን ያዘችኝ።

የጣለችኝ አንድ ጠረጴዛ ፊት ነው። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ኃላፊ የፍሪጃችን አጠቃቀም መመሪያ ነበር። ፍሪጁ ከተሸጠ ዘመን የለውም፤ መመሪያውን ግን "የቤት ዕቃ" በሚል ፎልደር ውስጥ በሥርዓት አስቀምጬዋለሁ። እኔ ነገር በሥርዓት ነው የማስቀምጠው። ሰውዬው ከረባት አድርጓል፤ አንዳንዴ ሳያስበው በቻይንኛ ይናገርና ጉሮሮውን ጠርጎ ይመለሳል።

"ስም?"

"ሸዋንግዛው።"

"ይህ ስም ተይዟል። ሸዋንግዛው ቅጂ ብዬ ልመዝግብህ?"

"ዋናውማ እኔ ነኝ!"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ባለፈው 'የመጨረሻ የመጨረሻው እርግጠኛ' የሚባል ሰው መጥቶ እዚህ ሲፎክር ነበር። ከሱ በኋላ ስንቱ መጣ!" ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈትከው መቼ ነው?"

"ሰው እንዴት ይከፈታል?"

"በስምህ ጠርቶህ፣ 'እንዴት ነህ?' ብሎህ፣ መልስህን እስክትጨርስ የቆመ ሰው ማለት ነው።"

ቆሜ አሰብኩ። ባለሱቁ "ዝርዝር የለኝም" ይለኛል። ጡረታ የምቀበልበት ቦታ ያለው ጥበቃ "ቀጥል" ይለኛል። ሌላው ደግሞ "ሰላም ነው?" ይልና መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል። ባለቤቴ ፋናዬ ከሞተች ወዲህ ማንን ልጥቀስ?

"አላስታውስም" አልኩት።

"እኔም ያው ነኝ" አለ መመሪያው፣ ለአፍታ ፊቱ ደብዘዝ ብሎ። ከዚያ ኃላፊነቱ ትዝ አለው። "ቦታ ይዘሃል። ጀምበር እስክትጠልቅ አንድ ሰው ካልከፈተህ ቅርጫት ትገባለህ። ቅርጫቱም ዛሬ ማታ ይደፋል።"

"አንድ ሰው ብቻ?"

"አንድ ይበቃል። ከአንድ በላይ ያለው ሰው የለም።"

ሮጥኩ። ከሁሉ በፊት ትዝ ያሉኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘርፌ ናቸው። ቤታቸው ስደርስ በራቸው ላይ በእኔው የእጅ ጽሕፈት "በኋላ የሚታይ" ተብሎ ተጽፏል። ክዳኑን አንስቼ ገባሁ። ውስጡ ሰፈሩ በሙሉ ጓዙን እግሩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። በኋላ እመጣለሁ ያልኩት፣ በኋላ እደውላለሁ ያልኩት ሁሉ እዚያ አለ። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ መንገደኛ ዝም ብለው ያዩኛል። ወይዘሮ ዘርፌ ነጠላቸውን አጣፍተው ጥግ ላይ ናቸው።

"ወይዘሮ ዘርፌ፣ ቶሎ ይክፈቱኝ!"

"ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ለበዓል ና ቅመስ ስልህ 'በኋላ' አልከኝ። ያው በኋላ ላይ ቁጭ ብያለሁ።"

"አሁን መጣሁ እኮ!"

"እኔማ ምን ገዶኝ። አንተ ግን ቁልፍ አለህ። የይለፍ ቃሉን ንገረኝና ልክፈትህ።"

"ፋናዬ" አልኩ። ወይዘሮ ዘርፌ ደረቴን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሱ የድሮው ነው። እሷ ካረፈች በኋላ ቀይረኸዋል።"

ብዙ ቃል ሞከርኩ። የትውልድ ቀኔን በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ሞከርኩ። አንዱም አልሠራም። ራሴ ያወጣሁትን ቁልፍ ራሴ ረስቼዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ውርደት የለም። ሰፈሩ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ጀምበሯ አዘቅዝቃ ነበር።

ውጭ ድንኳን ተጥሏል። ፋይሎቹ እድር ነበራቸው፤ ከነሱ አንዱ ሲጠፋ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። ደብዳቤዎቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ ዘፈኖቹ ድምፃቸውን ቀንሰው ያወራሉ፣ የሠርጋችን ቪዲዮ ንፍሮ ያድላል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሬ ላይ ፋይል ሳጠፋ የዋልኩት እኔ ስለሆንኩ መግባት አፈርኩ። የሠርጋችን ቪዲዮ ግን አየኝና ቦታ ለቀቀልኝ።

"ግባ፣ ግባ። ለቅሶ ቤት አይታፈርም።"

"ማን ሞቶ ነው?"

"ጣት የጋረደው ፎቶ። ዛሬ ጠዋት ነው ያጠፋኸው።"

"እሱማ ምኑም አይታይም ነበር!"

"ደብዛዛ ነበር" አለ አንድ ዘፈን እንባውን እየጠረገ። "ግን ለሰው የማይከብድ ነበር።"

ንፍሮ ዘግኜ ተቀመጥኩ። ሰው መካከል መቀመጥ እንዴት ደስ እንደሚል ረስቼው ኖሯል። ያንን ደስታ ሳላጣጥመው ያስጨነቀኝን ጠየቅኩ።

"ቅርጫት ብገባ ለእኔም ትቀመጣላችሁ?"

እርስ በርስ ተያዩ። "ፎቶ አለህ?" አለ የእድሩ ጸሐፊ። "ያለ ፎቶ አንቀመጥም። ለማን እንደምናለቅስ ማወቅ አለብን።"

ፎቶዎቹን በሙሉ ጠርተው አሰለፏቸው። በዓመት፣ በወር፣ በቦታ ያደራጀኋቸው ናቸው፤ አንድም ሳይዛነፍ ቆሙ። ፋናዬ ላንጋኖ ዳር፣ ፋናዬ ከአዲሱ ሶፋ ጋር፣ ፋናዬ ዓይኗን ጨፍና። እኔ ግን የለሁም። ካሜራውን የያዝኩት ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። አንዱ ላይ ብቻ መሬት ላይ የተዘረጋ ጥላ አለ፤ እሱም ራስ የለውም።

"ጣቱስ?" አለች ፋናዬ ከላንጋኖው ፎቶ ውስጥ። "የጋረደው ጣት የሱ አልነበረም?"

ለካ ያለኝ ፎቶ ያ ብቻ ነበር።

ተነስቼ ወጣሁ። የቀረኝ አንድ ቤት ነው። ፋናዬ ፋይል ስም አወጣጥ ላይ ዓመሏ ሌላ ነበር፤ ሁሉንም "ይሄ" ብላ ነው የምታስቀምጠው። ቦታው ሲያዝባት "ይሄኛው"፣ ከዚያም "ይሄ ራሱ"። ተይ፣ ነገ ማግኘት ያቅትሻል ስላት "እኔ አውቀዋለሁ" ትለኛለች። እሷ ካለፈች ወዲህ ምን ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። "ይሄ"ን ከፍቼ ገባሁ። ውስጡ "ይሄኛው" ነበር። ውስጡ "ይሄ ራሱ" ነበር። እዚያ ውስጥ ፋናዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

"መጣህ?" አለችኝ፤ ሱቅ ደርሼ የተመለስኩ ይመስል።

"ፋኒ፣ ክፈቺኝ። ጀምበር ልትጠልቅ ነው።"

"አይ አንተ። ዛሬም ካሜራውን ይዘኸዋል?"

እጄን ሳየው እውነትም ይዤዋለሁ።

"አስቀምጠውና ተቀመጥ" አለች። አስቀመጥኩት። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ስሜን ልትጠራኝ አፏን ከፈተች።

በዚያው ቅጽበት ጡሩምባ ተነፋ። የውጭው ድምፅ ቀደማት።

"አቶ ሸዋንግዛው ስላረፉ የእድሩ አባላት በሙሉ!"

"ቆይ!" ብዬ ጮህኩ። "እሷ ልትጠራኝ ነው፣ ቆይ!"

ነቃሁ። ግንባሬ ኪቦርዱ ላይ ነው፤ ስክሪኑን አንድ ፊደል ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። ነግቷል። ጡሩምባው ግን አላቆመም።

"አቶ ሸዋንግዛው ስላረፉ የእድሩ አባላት በሙሉ!"

በሩ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ወደቀ። ወይዘሮ ዘርፌ ሙሾአቸውን ጀምረው ነበር፤ ሲያዩኝ መሐል ላይ ዋጡት። ከኋላቸው የእድራችን ጸሐፊ አቶ ይልማ፣ ከሱ ኋላ ደግሞ ግቢው ሙሉ ሰው። ድንኳኑ ግማሹ ቆሟል።

ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ መጋረጃ ዘግቼ ኮምፒውተሬን ሳጸዳ ከቤት አልወጣሁም፤ ስልኬም ባትሪው አልቋል። ቢያንኳኩ ቢያንኳኩ መልስ ሲያጡ ጡሩምባ ነፊው ቸኮለ።

"አንተ ሰው፣ በር ሲንኳኳ አትከፍትም?" አለ አቶ ይልማ። እንደ መቆጣትም አደረገው። "ስንቱን ሰው ከሥራው አስቀረነው!"

"እንኳን ተረፍክ" አሉኝ። እያንዳንዳቸው እጄን እየጨበጡ "እንኳን ተረፍክ" አሉና ድንኳኑን አጣጥፈው፣ አግዳሚውን ተሸክመው ወጡ። ብሞት ኖሮ እስከ ሠልስት ይቀመጡልኝ ነበር። ስለኖርኩ ውኃ እንኳን ሳይቀምሱ ሄዱ። "ተቀመጡ" ለማለት አፌን ስከፍት ግቢው ባዶ ነበር።

ወይዘሮ ዘርፌ ብቻ ደጃፉ ላይ ቀሩ። ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ።

"ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ለልቅሶው ፎቶ አጥተንልህ እኮ ተቸገርን። እድሩ ጋ ያለው ማኅተሙ ፊትህ ላይ አርፏል።" ስልኩን ወደኔ አነሱ። "ለማንኛውም ቀና በል።"

ቀና አልኩ።

ኬብል ፈልገው ፎቶውን ራሳቸው ኮምፒውተሬ ላይ ከተቱልኝና ምሳ ጥደው እንደመጡ ነግረውኝ ሄዱ። ኮምፒውተሩ በምን ስም ላስቀምጠው ሲል ጠየቀኝ። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቦታውን ልጽፍ ጀመርኩና አጠፋሁት።

"ይሄ" ብዬ ጻፍኩ።