የአክስቴ የኢሉሚናዳ ግራ ዓይን

ሳህን የሚመልስ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። የለንም የሚል ካለ ደብቆ ነው።

ሌላው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲበላ ይህ ሰው አንድ ማንኪያ ይቀምስና ማንኪያውን ያስቀምጣል። ከዚያ ጣቱ ወደ ላይ ይነሳል። አስተናጋጇ ትመጣለች፤ ሳህኑ ወደ ማድ ቤት ይመለሳል። የቀረነው ጠረጴዛ ሥር ያልወደቀ ነገር መፈለግ እንጀምራለን።

የእኛ ቤት ሳህን መላሽ ክብርት አክስቴ ኢሉሚናዳ ናት፤ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ፣ ያላገባች፣ የስልሳ አንድ ዓመት እመቤት፣ በከተማችን በፓኪልና በሐይቁ ዙሪያ የሚፈላው ሲኒጋንግ ሁሉ የበላይ ዳኛ።

ሲኒጋንግ ሁመር በሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ የኮመጠጠ የዓሣ ሾርባ ነው። ዝናብ ሲጥል፣ ጉንፋን ሲይዘን፣ ስንጣላ፣ ስንታረቅ የምንበላው እሱኑ ነው። ሌላው ሰው ጨውን ያያል፣ የዓሣውን ትኩስነት ያያል። የአክስቴ መለኪያ ግን ግራ ዓይኗ ነው። አንድ ማንኪያ ትጎነጫለች፣ ትጠብቃለች። ዓይኑ በገዛ ራሱ ከተጨፈነ ሾርባው ሾርባ ነው። ካልተጨፈነ ማንኪያው ይቀመጣል።

“ዓይኔ አልተጨፈነም” ትላለች። ይግባኝ የለውም።

በእሷ ዕድሜ ያሉ ሴቶች በቦርሳቸው መቁጠሪያ ይይዛሉ። እሷም ትይዛለች፤ አጠገቡ ግን በመሐረብ የተጠቀለለ፣ ከነልጣጩ ጉብ ጉብ ያለ ሁመር አለ። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ ተቀምጬ ጣቶቿ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው በቀስታ ሲሄዱ አየሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ፊቷ ላይ ሰላም ሰፍኗል። የያዘችው ሁመሩን ነበር። ደንግጬ በክርኔ ነካ አደረግኋት። ጎንበስ ብላ አየችና፣

“ይቆጠራል” አለችኝ። ቀጠለችም።

እናቴ አንድ ቀን ሥራ በዝቶባት በፓኬት የሚሸጠውን የሲኒጋንግ ዱቄት ተጠቀመች። አክስቴ የተቀደደውን ፓኬት ከቆሻሻ መጣያችን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አወጣችው።

“ሬሜ፣ ይኼ ምንድን ነው?”

“ዱቄት ነው፣ እቴ።”

“የልብስ ማጠቢያ?”

እናቴ ሦስት ቀን ዘጋቻት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ደጃፋችን ላይ አንድ ዘንቢል ሁመር ተቀምጦ አገኘን፤ ተልጦ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ የአንድ ሌሊት ሥራ።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን የለቅሶው ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ፓሲታ ባል ሞቶ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ሾርባ እየቀረበለት ተቀምጧል። አክስቴ ቀመሰች። ተነሳች። እናቴ ቀሚሷን ልትይዝ ሞክራ አመለጠቻት። የሬሳው ሳጥን አጠገብ ደርሳ ሐዘንተኛዋን አቀፈችና እኔ እስክሰማ ድረስ “ነፍሱን ይማር። ሁመሩን ማን ነው የቆጠበው?” አለቻት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ፓሲታ ግን ከጠዋት ጀምሮ ያላቋረጠውን ለቅሷቸውን አቁመው ቀና አሉ።

“የሚቀምስልኝ እሱ ነበር” አሉ።

ሁለቱ ተያይዘው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ለአንድ ሰዓት ያህል አልወጡም።

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ። አስተናጋጅ ጠርቼ አላውቅም። ያላዘዝኩት ሲመጣልኝ አመስግኜ እበላለሁ።

አሁን ስለ ጋሼ ሴራፒዮ ልናገር። ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት ያላቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ድስታቸውን ለማንም የማያስነኩ ሰው ናቸው። ከመመገቢያው ወደ ማድ ቤቱ የምትከፈት አንዲት መስኮት አለች፤ ምግብ የሚወጣው በእሷ፣ የአክስቴ ሳህን የሚመለሰውም በእሷ ነው።

በእኛ አገር ዕድሜዋ ገፍቶ ደም ግባቷ ያልጠፋ ሴት ስታልፍ “ገና ኮምጠጥ ትላለች” ይባላል። ለወንድም ይባላል። ይህን የማያውቅ የለም፤ አክስቴ ግን ሾርባ ከተነሳ ሌላ ነገር አታስብም። የዛሬ ሰባት ዓመት፣ እሁድ ቀትር ላይ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ከወንበሯ ተነስታ ወደ መስኮቷ ጮኸች።

“ሴራፒዮ! ኮምጣጣው አልቆብሃል ወይስ ገና አለህ?”

ማንኪያ ሁሉ ባለበት ቆመ። ጋሼ ሴራፒዮ በመስኮቷ ብቅ አሉ፤ እጃቸውን ጠራረጉ፣ የቀረቻቸውን ፀጉር በመዳፋቸው አስተኙ።

“ስልሳ ሊሞላኝ ነው፣ እሜቴ” አሉ። “ግን ጥቂት ሳይተርፍ አይቀርም።”

አንድ ሰውዬ ሩዝ ትን ብሎት ጀርባውን ደበደቡለት። አክስቴ ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

“የጠየቅሁት ስለ ሾርባው ነው።”

“የመለስኩትም ስለ ሾርባው ነው።”

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ሳህኗ ይመለሳል፣ ኮምጥጦ ይመጣል። መልእክቱን የምታመላልሰው አስተናጋጇ ጆቬሊን ናት። “ዓሣው ገላውን የታጠበበት ነው በይው።” “ምላሷን ሐይቅ ወስዳ ትጠበው በያት።” እናቴ በኀፍረት አልቃ ነበር።

ባለፈው ወር የእህቴ የዳሊሳይ እጮኛ የሬናን ወላጆች “ልጃችሁን ስጡን” ሊሉ ከማኒላ የሚመጡበት ቀን ተቆረጠ። በወጉ የሚስተናገዱት በሙሽሪት ቤት ነው። የእኛን ማድ ቤት ጣራ ግን አውሎ ነፋስ ወስዶታል። ስለዚህ ምሳው በጋሼ ሴራፒዮ ቤት ሆነ። ዋዜማውን እናቴ አክስቴን ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

“እቴ፣ ሰዎቹ የከተማ ሰዎች ናቸው። ነገ ከዚያ ጠረጴዛ አንድ ሳህን ከተመለሰ ሠርጉን እርሺው።”

ደነገጥኩ። እናቴ ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት በሠራችባቸው ስድስት ዓመታት እኔንና ዳሊሳይን ያሳደገችን አክስቴ ናት። የዳሊሳይን የሠርግ ቀሚስ እጅጌ የምትጠልፈው እሷ ናት፤ ያኔም ጉልበቷ ላይ ነበር። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው።

“አንድ ቃል አይወጣኝም” አለች።

“ጣትሽስ?”

“ጣቴም።”

በማግስቱ የሬናን እናት ወይዘሮ ኮንስታንሲያ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ትንሿን ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ባላቸው ፈገግ ብለው አጠገባቸው። ሾርባው መጣ። ተቀዳ። አክስቴ ማንኪያዋን አነሳች፤ እኛ ቤተሰቡ በሙሉ መተንፈስ አቆምን።

ጎነጨች። ጠበቀች።

ግራ ዓይኗ እንደ ጉጉት ዓይን ተከፍቶ ቀረ።

እኔም ቀመስኩ። ዓሣ አቋርጦት ያለፈ ሙቅ ውኃ ነው። ሁመር በአጠገቡ አላለፈም። ወደ ጣቷ አየሁ። ቀኝ ጣቷን በግራ እጇ ጨምድዳ ከጠረጴዛው ሥር ይዛዋለች። ከዚያ ለቀቀችውና ሁለተኛ ማንኪያ ወሰደች። ሦስተኛ። ጣራ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ሐይቁ ደጃችን ሲደርስ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ደንግጬ አላውቅም።

“ለስለስ ያለ ነው” አሉ ወይዘሮ ኮንስታንሲያ።

“ለስላሳ ነው” አለች አክስቴ፣ መርዶ በምታረዳበት ድምፅ።

እናቴ ፊቷ በራ። ጆቬሊን ግን ትሪዋን አቅፋ ከአክስቴ ወንበር ኋላ አልንቀሳቀስ አለች። በጆሮዬ “ዛሬ አይመለስም እንዴ?” አለችኝ። ከመስኮቷ የጋሼ ሴራፒዮ ራስ ብቅ አለ፣ ተመለሰ። እንደገና ብቅ አለ። በሦስተኛው የእጅ ፎጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በሽተኛ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ቆሙ።

አክስቴ ሳህኑን ልትጨርሰው ነው። ሁለቱም ዓይኖቿ ክፍት ናቸው፤ እንባም ሞልቷቸዋል። ሾርባው ግን እንባ የሚያመጣ አልነበረም።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ሳህኗን ከፊቷ ሳብ አደረግሁና ይዤው ሄድኩ። እናቴ “የት ነው?” አለች። መስኮቷ ጋ ደርሼ ሳህኑን አስቀመጥኩት።

“ጋሼ፣ ዓይኗ አልተጨፈነም።”

ጋሼ ሴራፒዮ ሳህኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

“እሷ ምን አለች?”

“ምንም። ለእማዬ ቃል ገብታለች።”

“እንዴ” አሉ፣ መስኮቷን ተደግፈው። “እኔም እኮ ለእናትሽ ቃል ገብቻለሁ። ትናንት መጥታ ‘የከተማ ሆድ ስስ ነው፣ ሁመር እንዳትጨምር’ ብላ አስማለችኝ። እሺ ብዬ ሠራሁት። ከዚያ ሳህኑ ሳይመለስ ሲቀር… ታማ እንደሆነ ብዬ…” ከምድጃው ጥግ አንዲት ክዳኗ የተጣመመ ትንሽ ድስት አነሱ። “ቃሌ ለትልቁ ድስት ነበር። ስለዚች የጠየቀኝ የለም።”

ራሳቸው ይዘዋት ወጡ። በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስኮቷ ወዲህ ማለታቸው ነው። አክስቴ ፊት አስቀመጧትና ሽርጣቸውን ይዘው ቆሙ። አክስቴ እናቴን አየቻት። እናቴ ጣሪያውን አየች። አክስቴ ቀመሰች፣ ጠበቀች።

ግራ ዓይኗ ተጨፈነ፤ ጉንጯም ተከትሎት ወጣ።

“ገና አለህ ለካ” አለች።

“ጥቂት” አሉ ጋሼ ሴራፒዮ።

ይህኔ ከጠረጴዛው ማዶ አንድ እጅ ተዘረጋ። የወይዘሮ ኮንስታንሲያ እጅ ነው። “ይቅርታ፣ ያችን ድስት ወዲህ በሏት።” በራሳቸው ማንኪያ፣ ከድስቷ ቀመሱ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተጨፈኑ። ሲገልጧቸው ጭምቷ የነጭ ሸሚዝ ሴትዮ ጠፍተው በቦታቸው ሌላ ሰው የተቀመጠ መሰለ።

“እስካሁን ያጠጣችሁኝ ምን ነበር ታዲያ? ሳህን የታጠበበት ነው?”

“እማ” አለ ሬናን፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ “መኪና ውስጥ ቃል ገብተሽልኛል እኮ።”

“ለስለስ ያለ ነው አልኩ አይደል? ከዚያ በላይ ምን ልዋሽ?”

ባላቸው በቀስታ ጎንበስ ብለው ጠረጴዛ ሥር አንድ ነገር መፈለግ ጀመሩ። ያን አጎነባበስ አውቀዋለሁ። ዘመዶች መሆናችን ያኔ ገባኝ።

እናቴ ግን ቃሏን አልረሳችም። “እቴ” አለች፣ “ሳህን ተመልሷል።”

“አንድ ቃል አልወጣኝም። ጣቴም አልተነሳም።”

“ማን መለሰው ታዲያ?”

ጆቬሊን በትሪዋ ጠቆመችኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጆሮዬ ነደደ። ከሁሉም የደነገጠችው አክስቴ ነበረች፤ በጡረታዋ ማግስት ከኋላ ወንበር ያልተጠበቀ እጅ ሲነሳ እንዳየች አስተማሪ አፏን ከፍታ አየችኝ።

“ሠርጉን የምትረሳው እሷ ናት ማለት ነው” አለች እናቴ።

“እሷ ካልመጣች እኔም አልመጣም” አለች አክስቴ።

“ሁለቱ ካልመጡ የሠርጉን ሾርባ ማን ሊቀምስ ነው?” አሉ ወይዘሮ ኮንስታንሲያ፣ ድስቷን እንደያዙ። “እኔ ብቻዬን ልጣላ?”

እናቴ ሁላችንንም በየተራ አየችን። ከዚያ ባዶ ሳህኗን ወደ ትንሿ ድስት ገፋችው።

አክስቴ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከድስቷ አንድ ማንኪያ ቀዳች፤ ሕፃን ሳለሁ እንደምታደርገው እፍ እፍ ብላ አቀዘቀዘችና አፌ ድረስ አመጣችው።

“ቅመሺ” አለች።

ግራ ዓይኔ ተጨፈነ። በቀኙ ሳያት፣ የራሷን ማንኪያ አስቀምጣ ፊቴን ትጠብቅ ነበር።